ክርክር፦ የካሆ ሚናጋዋ ዝና ለስፖርቱ በጀው?

ሁፕ ወዳጅ፦ ጃፓናዊቷ ካሆ ሚናጋዋ እ.ኤ.አ. በ2017 ጣልያን ፔዛሮ ላይ በተካሄደው የሪትሚክ ጂምናስቲክ (በሙዚቃ ታጅቦ እንደ ኳስ ባለ መሣሪያ የሚሠራ ስፖርት) የዓለም ሻምፒዮና በሁፕ (በትልቅ ቀለበት) ነሐስ አገኘች። ጃፓን በግል ውድድር ሜዳሊያ ካየች 42 ዓመት ሆኗት ነበር። ቪዲዮዋ በተለጠፈ ቁጥር ከሥሩ የሚጻፈው ግን ስለ መልኳ ነው። እንዲህ ያለው ዝና ለስፖርቱ አይበጅም ባይ ነኝ።

የአዳማዋ፦ አልስማማም። ኦሎምፒክ ካለፈ በኋላ ይህን ስፖርት ማን ያስታውሰዋል? እኔ ያወቅሁት በእሷ ቪዲዮ ነው። መልኳ ስቦኝ ጀመርኩ፤ ከዚያ የሁፑን አወራወር አይቼ ሌላ ፈለግሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ በ2019 የዓለም ሻምፒዮና ባኩ (አዘርባጃን) ላይ፣ አምስት ልጆች በአምስት ኳስ በሚሠሩት ውድድር ወርቅ ከወሰደው የጃፓን ቡድን ደረስኩ። በየትም በር ልግባ፣ መግባቴ አይሻልም?

አሠልጣኙ፦ እህቴ፣ አንቺስ ገባሽ። ብዙው ሰው ግን በሩ ላይ ቀርቷል። የግል ትርኢት ቢበዛ 90 ሰከንድ ነው። በዚያች ጊዜ ሁፑ ሽቅብ ይወረወራል፣ ልጅቷ ከሥሩ ትገለባበጣለች፣ ዞር ብላ ሳታይ ትቀበለዋለች። ዕድሜ ልክ የተለፋው ለዚች ቅጽበት ነው። አሁን የሚዞሩትን ፎቶዎች እዩአቸው፦ እግሯ የተዘረጋበት ላይ ቆመዋል፤ ሁፑ የለም፣ ተቆርጧል። ሁፑን የቆረጠ ሰው ስፖርት ሊያሳየን አልፈለገም።

ሕግ ተማሪ፦ ጃፓኖችም ነገሩን አቅልለው አላዩትም። በ2020 የአገሪቱ ኦሎምፒክ ኮሚቴና ሌሎች የስፖርት አካላት ስፖርተኞችን ለወሲባዊ ዓላማ ማንሳትና ማሰራጨት ይቁም ብለው የጋራ መግለጫ አወጡ። በ2023 ድብቅ ወሲባዊ ቀረጻን የሚቀጣ ሕግ ጸደቀ፤ ሆኖም የውድድር ልብሷን ለብሳ በአደባባይ የምትታይ ስፖርተኛ ፎቶ በዚህ ሕግ አልተሸፈነም። የአንሺውን ዓላማ በምን ታስረዳለህ?

መንገደኛ፦ ልብሱ ቢረዝም አይሻልም?

አሠልጣኙ፦ ወንድሜ፣ ደንቡ እግር የሚሸፍን ልብስ ይፈቅዳል። በቶኪዮ ኦሎምፒክ በሌላው ዘርፍ፣ በአርቲስቲክ ጂምናስቲክ፣ የጀርመን ሴቶች እስከ ቁርጭምጭሚት ለብሰው ተወዳድረዋል፤ መርጠው ነው። ያጠፋው ካሜራ የያዘው ሆኖ ሳለ ልጅቷን ልብስ ቀይሪ ካልናት ግን ጥፋቱን እሷ ላይ ጫንን።

የአዳማዋ፦ በተቆረጠው ፎቶ አሸንፋችሁኛል፤ ከእንግዲህ አላጋራም። ውበትን ማድነቅን ግን ነውር አታድርጉብኝ። ዳኞቹ እኮ ከሙዚቃው ጋር እንዴት እንደተዋሐደች አይተው ነጥብ ይሰጣሉ። ውበት የስፖርቱ አካል ነው።

ሁፕ ወዳጅ፦ እሱማ ልክ ነሽ። እኔን የሚከነክነኝ አስተያየቱ ውስጥ «ሁፕ» የምትል ቃል መጥፋቷ ነው።

የአዳማዋ፦ እንግዲያው የፔዛሮውን ሙሉ ትርኢት ላክልኝ፣ አስተያየቱን እኔ እጀምራለሁ።