ጥቆማ፦ የማኑዋል ስፖርት መኪና ፍሪሲዮን አዲስ አበባ ውስጥ

ማኑዋል ስፖርት መኪና ያላችሁ፣ በተለይ እንደ ቶዮታ 86 ያለ ቱርቦ የሌለው፣ ፍሪሲዮን ከመቀየራችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። የቤንዚን መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለንን አሳምሮ መያዝ ግድ ሆኗል።

ዋናውን ላስቀድም። «ስቴጅ 2» የሚባለውን፣ ከኦርጅናሉ የጠነከረ ነው ተብሎ የሚሸጠውን ሴራሚክ ፍሪሲዮን አትግዙ። የመጀመሪያው 86 ከፋብሪካ ሲወጣ 200 የፈረስ ጉልበት ነበረው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ እዚህ አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ኦርጅናሉ ፍሪሲዮን ደግሞ ሙሉውን እንዲሸከም ነው የተሠራው። ታዲያ ምን ለማጠንከር? ሴራሚኩ ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል፣ መሀል የለውም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በመኪና ሰልፍ ስትወጡ እየዘለለ ያሰቃያችኋል። ክብደቱ የቀነሰ ቮላኖም (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ብረት) ዳገት ላይ ሞተር ቶሎ ያስጠፋል። ቱርቦ የገጠመ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው።

እዚህ ከተማ ሸራ፣ ማለትም ዲስኩ ላይ ያለውን የሚፋተገውን ልባስ፣ የሚጨርሰው ዳገት ነው። ሞተሩ ሲነሳ ስለሚደክም ነዳጅ ጨምረን ፔዳሉን ግማሽ ላይ ይዘን እንቆያለን። የእጅ ፍሬን ተጠቀሙ፣ በጣም ይረዳል።

ዕቃውን በተመለከተ የእኔ ምርጫ ኤክሴዲ ወይም አይሲን ነው። ሁለቱም ለመኪና ፋብሪካዎች የሚያቀርቡ የጃፓን ድርጅቶች ናቸው። የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ መጀመሪያ የቶዮታ ወኪሉን ሞኤንኮ ጠይቁ፣ ቢያንስ ትክክለኛውን ፓርት ነምበር ታረጋግጣላችሁ። ሶማሌ ተራ ምርጫው ሰፊ ነው፣ መደራደርም ይቻላል። ግን ኮፒው ከኦርጅናሉ ጎን ለጎን ነው የሚሸጠው። አሮጌውን ዲስክ ይዛችሁ ሂዱና አዲሱን ላዩ ላይ አስቀምጡት። ስፋቱም፣ መሀሉ ላይ ያለው ጥርስ ቁጥርም እኩል መሆን አለበት። ከዱባይ በሰው ማስመጣትም ጥሩ ነው፣ ጊዜ ካላችሁ።

ዲስኩን፣ ፕሬዠር ፕሌቱን (ዲስኩን ቮላኖው ላይ የሚጫነውን) እና ኩሽኔታውን (ፔዳል ሲረገጥ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀውን) አብራችሁ ቀይሩ። ካምቢዮ የሚወርድበት የእጅ ዋጋ ያው ነው። አሮጌ ዲስክ ላይ ሸራ ማስለጠፍ ርካሽ ነው፣ ለእነዚህ መኪኖች ግን አልመክርም። ሞተሩ ከ7,000 ዙር በላይ ስለሚሄድ በደንብ ያልተለጠፈ ሸራ ተገንጥሎ ይወጣል።

ጋራዥ ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ካምቢዮው ሲወርድ ቮላኖውን ታሳየኛለህ?» የማያሳይ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ፊቱ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ወይም በጣት የሚያዝ ጭረት ካለ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይስተካከል። ካልተስተካከለ አዲሱ ፍሪሲዮን ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። ከኋላው ያለውንም ኦይል ሲል (የሞተር ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ጎማ) እዩት። ዘይት ካላበው አብሮ ይቀየር፣ ዘይት የነካው ሸራ አይድንም። ጎልፍ ጂቲአይ ያላችሁ ግን የእናንተ ቮላኖ ባለ ሁለት ክብደት ስለሆነ ቶርኖ ላይ እንዳታስወጡት።

ፔዳሉ ከላላ ወይም ማርሽ አልገባ ካለ ወዲያው ካምቢዮ አታስወርዱ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ዘይት (እንደ ፍሬን ዘይት ያለው) ነው። ዶት 3ም ሆነ ዶት 4 እርጥበት ይስባል፣ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፣ አየሩም ይውጣ። ፍሪሲዮኑ አልቆ እንደሆነ ለማወቅ በአራተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ነዳጅ ርገጡ። የአርፒኤሙ ቀስት ዘሎ ፍጥነቱ ባለበት ከቀረ፣ አልቋል።

አዲሱ ከገባ በኋላ እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ በጉልበት አትነሱ።