የቡታን ባለመዘውር ደጋን ባህላዊ ነው? (ክርክር)

አወያይ፦ ቡታን እ.ኤ.አ. በ1971 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል ስትሆን ቀስትን ብሔራዊ ስፖርቷ አድርጋ አወጀች። አባቶች ሲወዳደሩበት የኖሩት ደጋን የቀርከሃ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ተወዳዳሪ ጫፍና ጫፉ ላይ መዘውር ያለው፣ ከአሜሪካ የመጣ ደጋን ይዞ ይሰለፋል፤ ለቀርከሃው ደግሞ ለብቻው ውድድር ይዘጋጃል። በመዘውሩ የሚደረገው ውድድር ባህላዊ ቀስት ሊባል ይገባዋል?

ቀስተኛዋ፦ አይገባውም። የእንጨትም ሆነ የቀርከሃ ደጋን በተሳበ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። አውታሩ አገጭ ጋ ሲደርስ ሸክሙ ከሁሉ ይበረታል፣ ክንድ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ቀስተኛው በዚያች ቅጽበት ወስኖ ይለቃል። ጥበቡ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሆሊስ ዊልበር አለን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠራ መብት ያገኘበት ባለመዘውር ደጋን ይህን ገለበጠው። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት እስከ ጥግ ሲሳቡ አብዛኛው ሸክም፣ በብዙዎቹ 80 በመቶ ያህሉ፣ ይቀልላቸዋል፤ ተወዳዳሪው ተረጋግቶ ለማነጣጠር ጊዜ ያገኛል። ስፖርትነቱን አልክድም፣ ከባድ ውድድር ነው። አባቶች ያወረሱት ጥበብ ግን ይህ አይደለም።

የጨዋታ ወዳጅ፦ እህቴ፣ ደጋኑን ብቻ እያየሽ ሜዳውን ተውሽው። በኦሎምፒክ ርቀቱ 70 ሜትር፣ ዒላማው 122 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው። በቡታን ርቀቱ 145 ሜትር ገደማ ሆኖ ዒላማው ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ጠባብ የእንጨት ሰሌዳ ነው! ፍላጻው ሲመታ ቡድኑ ተሰልፎ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፤ ተቃራኒው ቡድን ዒላማው አጠገብ ሆኖ ወርዋሪውን ይተርባል፣ ያናድዳል። እኛ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የምንለው ነገር እዚያም አለ። ዘፈኑም፣ ትረባውም፣ ርቀቱም መዘውሩ ከመጣ በኋላ አልቀሩም። ሕዝቡ ወጉን ይዞ መሣሪያውን ቢቀይር ባህሉ የራሱ መሆኑ አይቀርም።

አናጺው፦ ገናን ካነሳህ፣ ልጄ፣ በትሩ ከየት ነው የሚመጣው? ጎረምሳው ጫካ ገብቶ ጫፉ የቆለመመውን እንጨት መርጦ፣ ቆርጦ፣ ልጦ ያበጀዋል። ጨዋታው የሚጀምረው ሜዳው ላይ ሳይሆን እዚያ ጫካ ውስጥ ነው። የቡታኑም ደጋን ሁለት የቀርከሃ ቁራጭ እጀታው ላይ ተጋጥሞ የሚሠራ ነው። የትኛው ቀርከሃ እንደሚበጅ፣ መቼ እንደሚቆረጥ፣ ምን ያህል ደርቆ እንደሚገራ፣ ሁለቱ ክንፎች እኩል እንዲለጠጡ የቱ ጋ እንደሚፋቅ የሚያውቅ እጅ ያስፈልገዋል። በእንጨት ሥራ ኖሬአለሁና እንዲህ ያለ ሙያ በጽሑፍ እንደማይያዝ አውቃለሁ፤ ልጅ አባቱ አጠገብ ቆሞ ነው የሚማረው። ደጋኑ በካርቶን ታሽጎ ከፋብሪካ ሲመጣ ዘፈኑ ይቀጥል ይሆናል፤ የሚፍቀው እጅ ግን ሥራ ይፈታል።

የታሪክ መምህሩ፦ በእጅ ሙያው እስማማለሁ፣ ጋሼ። ሆኖም ከውጭ መምጣቱን እንደ ጥፋት አንቁጠረው። የእንግሊዞች ረጅም ደጋን የአገራቸው ኩራት ነበር፤ እንጨቱ ግን በብዛት ከባሕር ማዶ ይመጣ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1472 የወጣ ሕግ ነጋዴ መርከቦች ለሚጭኑት ለእያንዳንዱ ቶን አራት የደጋን እንጨት እንዲያመጡ አስገድዷል። የኮሪያውም ደጋን በውሃ ጎሽ ቀንድ፣ በጅማትና በዓሣ ሙጫ ይሠራል፤ ቀንዱ ግን ከውጭ የሚገባ ነው።

ለዚህ ክርክር የሚጠቅመውም የኮሪያው ይመስለኛል። የቀንዱ ደጋን ውድ ነው፣ እርጥበትም ይጎዳዋል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው በዚያው ቅርጽ ከመስታወት ቃጫ ወይም ከካርቦን በተሠራ ደጋን በ145 ሜትር ይወረውራል። አምስተኛ ማዕረግና ከዚያ በላይ ለማግኘት ግን የቀንዱን ደጋንና የቀርከሃውን ፍላጻ መያዝ ግዴታ ነው። ማንም ከሜዳ አልተባረረም፤ ከፍ ማለት የሚፈልግ ሁሉ ወደ ደጋን ሠሪው ደጅ ይሄዳል።

ቀስተኛዋ፦ የመስታወት ቃጫውን እኔም እቀበላለሁ፤ ክብደቱ እስከ መጨረሻው ክንድ ላይ ነውና። ለጨዋታ ወዳጅ ግን አንድ ነገር ልበል። ወጉ ነው ባህሉ ካልን በቡታን ሴት ደጋን እንዳትነካ የሚከለክለውም ወግ ነበር። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ የላከቻቸው በሙሉ ቀስተኞች ነበሩ፤ ሦስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች። ሴቶቹ ዓለም ፊት የቆሙት መዘውር በሌለው በኦሎምፒኩ ደጋን ነው። ወግ ሁሉ እንዳለ ይቀመጥ ብዬ ስለማላምን ነው መለኪያዬን ክንድ ላይ ያደረግሁት። ክንድ ወንድና ሴት አይልም።

አናጺው፦ ካርቦኑን ባህላዊ ካልሽው፣ ልጄ፣ ደጋን ሠሪው ምን ይበላል? ክንድሽን አከብራለሁ፤ ግን ደጋኑ ራሱ የሰው ክንድ ሥራ ነው። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ብሔራዊ ስፖርት የሚለው ማዕረግ ለሁለቱም ይሁን፤ ባህላዊ የሚለው ለቀርከሃው ብቻ ይቀመጥ፤ ሽልማቱም እኩል ይሁን። ገንዘቡ በመዘውሩ በኩል ብቻ ከፈሰሰ ስም ብቻውን ማንንም አያበላም።

የጨዋታ ወዳጅ፦ የሽልማቱን ነገር ከልቤ እቀበላለሁ፣ ጋሼ። ስሙን መለየት ግን አይዋጥልኝም። አባት ቀርከሃ ይዞ፣ ልጅ መዘውር ይዞ በአንድ መንደር አንድ ዘፈን እየዘፈኑ አንደኛው ባለ ባህል፣ ሌላው ባዕድ ሊባሉ ነው? ዳኛ መሣሪያን ይለይ፤ ባህሉ የማን እንደሆነ የሚወስነው ግን የመንደሩ ሰው ነው።