ሸርጣኑ አልከፈት አለኝ፣ እንግዶች መንገድ ላይ ናቸው!

ጠያቂ፦ እባካችሁ ቶሎ! 12 ሸርጣን በእንፋሎት የበሰለ ገዝቼ መጣሁ። በመዶሻ ብመታው ደቀቀና ስብርባሪው ከሥጋው ጋር ተቀላቀለ። ግድግዳው ሁሉ ቅመም ሆኗል። የሥራ ባልደረቦቼ በ40 ደቂቃ ይደርሳሉ። በምንድን ነው የሚከፈተው?

የመንዝ ልጅ፦ ዘነዘና የለሽም?

የቆሎ ተማሪ፦ እህቴ፣ ዘሌዋውያን 11ን አንብቢ። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት አይበላም።

የመንዝ ልጅ፦ ቅርፊት የለውም? እሷን ያስለቀሳት ምን ሆነና!

እማማ ኩሽና፦ የትኛው ሸርጣን ነው? እግሩ ረጅም ከሆነ መዶሻ አያስፈልግም፣ በወጥ ቤት መቀስ ከጎን ቅደጂው።

ጠያቂ፦ እኔ ምን አውቄ! ቀይ ነው። ያለሁት ሜሪላንድ ነው።

ባልቲሞሬው፦ እንግዲያው ሰማያዊው ሸርጣን ነው፣ ሲበስል ነው የሚቀላው። ጀርባውን ምቺ ያለሽ ማነው? ገልብጪው። ሆዱ ላይ የተለጠፈ ክዳን አለ፤ የወንዱ ቀጭን፣ የሴቷ ሰፊ ነው። በቢላ ጫፍ አንስተሽ ንቀይው። ከዚያ አውራ ጣትሽን ከኋላ አስገብተሽ የላይኛውን ቅርፊት ገንጥይ። ግራና ቀኝ ላባ የሚመስሉት ግራጫ ነገሮች መተንፈሻዎቹ ናቸው፣ ጣያቸው። ሰናፍጭ የሚመስለውን ቢጫ የሚወድ ይበላዋል፤ እኔ አልነካውም። የቀረውን ለሁለት ስበሪው፣ ነጩ ሥጋ ውስጥ ነው።

መዶሻ ለመቆንጠጫው ብቻ ነው። የቢላውን ስለት መሃሉ ላይ አሳርፊና የቢላውን ጀርባ መታ አድርጊ። ግማሽ ድረስ ሲሰነጠቅ በእጅሽ ስበሪው። ሥጋው ሳይበጣጠስ ይወጣል።

ሰላማዊት ቁ2፦ በፎጣ ጠቅልለሽ በመዶሻ ምቺው።

ባልቲሞሬው፦ አሁን ምን አልኩ?

ዲሲ አራዳ፦ ቆይ፣ ለምን አንቺ ትከፍቺዋለሽ? እዚህ አገር እንግዳው ራሱ ነው የሚፈለፍለው። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርጊ፣ ሸርጣኑን መሃል ላይ ከምሪ፣ ለየሰው ቢላና የእንጨት መዶሻ ስጪ። አለቀ።

ጠያቂ፦ ሰው ጠርቼ ሰብረህ ብላ ልበል? እናቴ ብትሰማ!

ዲሲ አራዳ፦ ጥሬ ሥጋስ ቢላ አይደል የሚሰጠው?

ጠያቂ፦ እሱስ… በር ተንኳኳ!!

እማማ ኩሽና፦ ሎሚ አቅርቢላቸው፣ የእጅ ሽታ ያጠፋል።

የመንዝ ልጅ፦ ዘነዘናውን አትርሺ።

ሰላማዊት ቁ2፦ እኔም ልጠይቅ፣ ቅመሙ ከነጭ ግድግዳ በምን ይለቃል?