ደብተሬን ጥዬ ወደ ታብሌት ልሂድ?

የሽንብራ ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ህንድ ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው፣ ሽንብራ ማዳቀል ላይ። አምና 240 ፕሎት (ትንንሽ የሙከራ መደብ) ነበረኝ፣ ሁሉንም በደብተር መዘገብኩ። ማታ ወደ ኤክሴል ስገለብጥ 114ን 141 ብዬ ጽፌ መስመሩ በሙሉ ተዘበራረቀ፤ ያወቅኩት ደግሞ አጨዳው ካለቀ በኋላ። ዘንድሮ አማካሪዬ "ሁሉም በታብሌት" ብለዋል። እውነት ለውጥ አለው ወይስ ፋሽን ነው?

ፓታንቸሩ፦
ፋሽን አይደለም ወንድሜ። ፊልድ ቡክ የሚባለውን አፕ አውርድ፣ ነፃ ነው። በተራ አንድሮይድ ይሠራል፣ ማሳ ላይ ኔትወርክ ባይኖርም ግድ የለውም። ዋናው ግን ባርኮዱ ነው፦ በየፕሎቱ ታግ ትሰቅላለህ፣ ስካን ስታደርገው የዚያ ፕሎት ገጽ ይከፈታል፣ 114 ከ141 ጋር የሚምታታበት መንገድ የለም። ለቁመት ገደብ አስቀድመህ ካስገባህለት ደግሞ 45 ልትል 450 ብትነካ አይቀበልህም።

እትዬ ማሽላ፦
ልጄ፣ ልክ ብሎሃል፣ ግን እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነገር ነው። ህንድ ውስጥ አንድ ዝርያ ከመለቀቁ በፊት ብዙ ቦታ ይፈተናል። "50 በመቶ ያበበበት ቀን" ሲባል አንዱ ከተዘራበት ይቆጥራል፣ አንዱ ከበቀለበት፣ ሌላው ዝም ብሎ ቀኑን ይጽፋል። ሦስቱም ታብሌት ይዘዋል! በ2021 የ3,366 ሽንብራ ጂኖም (ሙሉ ዲ ኤን ኤ) ተነቦ ታትሟል፣ ኢክሪሳት፣ ማለትም ህንድ ያለው ዓለም አቀፍ የሰብል ምርምር ተቋም፣ የመራው ሥራ ነው (አገር ቤት የምናውቀው ሻሾ የሚባለው የሽንብራ ዝርያም ዘሩ ከዚያው ከኢክሪሳት ነው የመጣው)። ያ ሁሉ ዲ ኤን ኤ ግን የትኛው ቶሎ እንደሚያብብ የሚነግርህ ማሳ ላይ ከተጻፈ ቁጥር ጋር ሲገናኝ ነው። ስለዚህ ምን እንደምትለካ፣ ከየት ጀምረህ እንደምትቆጥር አንድ ገጽ ላይ ጻፍና ከላብ ጓደኞችህ ጋር ተስማሙ። አፑ ውስጥም ያንኑ አስገቡ።

ፀሐይ የመታው፦
በየካቲት ፀሐይ ስክሪኑ አይታይህም፣ ታብሌቱም ግሎ ይጠፋል፤ በጠዋት ግባ። ታጉ ወረቀት ከሆነ ጤዛ ያጠፋዋል፣ ፕላስቲክ አድርገው። ዳታውን ማታ ማታ ሌላ ቦታ ገልብጥ፣ የእኔ ታብሌት መስኖ ቦይ ውስጥ ገብቶ የሳምንት ልፋቴን ይዞብኝ ሄዷል።

የሽንብራ ልጅ፦
እትዬ፣ መልስዎን አንብቤ አጠገቤ ያለውን የላብ ጓደኛዬን ጠየቅኩት። እሱ ከተዘራበት ነው የሚቆጥረው፣ እኔ ከበቀለበት። የሁለት ዓመት ዳታችንን ደግሞ አንድ ፋይል ላይ ደምረነዋል። ዛሬ ማታ ታብሌት የለም፣ እሱን ስንፈታ ልናድር ነው።