የተማሪዎች ክበብ አማካሪ ሁኚ ተባልኩ፤ ለአማካሪው ምን ጥቅም አለው?

ጀማሪዋ መምህርት (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ሌክቸረር ሆኜ ከተቀጠርኩ ብዙም አልቆየሁም። ሰሞኑን የተማሪዎች የበጎ አድራጎት ክበብ ልጆች ቢሮዬ መጥተው «ቲቸር፣ አማካሪያችን ይሁኑልን» አሉኝ። የቀድሞው አማካሪያቸው ለፒኤችዲ ሄዷል። ልጆቹ በብርድ ወራት ልብስ ያሰባስባሉ፣ አቅመ ደካሞችን ይጠይቃሉ፣ አዲስ ገቢ ተማሪዎችን መናኸሪያ ድረስ ሄደው ይቀበላሉ።

መጠየቄ ደስ ብሎኛል፤ ግን ፈራሁ። አበል የለውም። የማስተምረውን ክሬዲትም አይቀንስልኝም። የምርምር ፕሮፖዛል ጀምሬያለሁ። አንዳንድ ጓደኞቼ «ጊዜሽን ነው የምትጨርሺው» ይሉኛል። ክበብ ለተማሪዎች እንደሚጠቅም አውቃለሁ፤ እሱን አይደለም የምጠይቀው። አማካሪ ሆናችሁ የሠራችሁ፣ እናንተ ራሳችሁ ምን አገኛችሁበት?

ነባሩ መምህር

እህቴ፣ እሺ በያቸው። በማስተማር ዘመኔ ብዙ ክበብ አማክሬያለሁ። አሁንም እዚሁ ሰሜን ሸዋ ነኝ። ያገኘሁትን ልንገርሽ።

ክላስ ውስጥ ተማሪን የምናውቀው በፈተና ወረቀቱ ነው። ስልሳ ሰባ ልጅ ፊትሽ ይቀመጣል። ከፊት ያሉትን በስም ትይዣቸዋለሽ። ከኋላ ያሉት መታወቂያ ቁጥር እንደሆኑ ይመረቃሉ። ክበብ ውስጥ ግን እነዚያን የኋላዎቹን ታገኛቸዋለሽ።

አንድ የመንዝ ልጅ ነበር። ክላስ ውስጥ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። ጥያቄ ስጠይቅ አንገቱን ደፍቶ ደብተሩን ያያል። ውጤቱም መካከለኛ ነው። ክበቡ ይህን ልጅ ገንዘብ ያዥ አድርጎ መረጠው። ባለ ካሬ ደብተር ነበረው፤ በግራ ገቢ፣ በቀኝ ወጪ። አንድ ብር ያዋጣውም መቶ ብር ያዋጣውም እኩል ስሙ ተጽፏል፤ በዚያው ጥንቃቄ፣ በዚያው የእጅ ጽሑፍ።

አንድ ዓመት ላይ ተማሪዎቹ «የአንድ ቀን ቁርሳችንን እንተውና ገንዘቡ ለተፈናቃዮች ይሰጥ» አሉ። በብዙ ዩኒቨርሲቲ የተለመደ ነው፣ ሳትሰሚ አትቀሪም። ያኔ የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት 22 ብር ነበር፤ በ2017 ወደ 100 ብር ከማደጉ በፊት ማለት ነው። የቁርሱ ድርሻ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሺህ ተማሪ ሲፈርም ግን ቁም ነገር ይሠራል። ሥራው ደግሞ ቀላል አይምሰልሽ። ካፌው ዳቦ ከማዘዙ በፊት ቀኑ ሊነገረው ይገባል። የፈረመውና ያልፈረመው በመታወቂያ ቁጥር መለየት አለበት።

ስብሰባው ላይ አብዛኞቹ «የፊርማውን ወረቀት በየብሎኩ በር ላይ እንለጥፈው፤ ሁሉም እያየ ይፈርማል» አሉ። ያ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣ።

«በር ላይ ከተለጠፈ ያልፈረመው ሰው ይታወቃል» አለ። «እዚህ ግቢ ውስጥ ከካፌ ሌላ ምንም የሌለው ተማሪ አለ። ቁርስ ካመለጠው እስከ ምሳ ሻይ የሚጠጣበት የለውም። እሱ አፍሮ ይፈርምና ባዶ ሆዱን ክላስ ይገባል። ወረቀቱን ይዘን በየዶርሙ እንዙር። የፈለገ ይፈርም፤ ያልፈለገን ለምን ብሎ የሚጠይቅ አይኑር።»

ማንም አልተከራከረውም። እንዳለው ተደረገ።

እህቴ፣ እኔ ያን ቀን ስለ ተማሪዎቼ የሰማሁትን ሴሚስተር ሙሉ ሳስተምር አልሰማሁትም። ከዚያ ወዲህ የጠዋት ክላስ ላይ ፈዞ የተቀመጠ ልጅ ሳይ ዝም ብዬ አላልፍም። ከክላስ በኋላ ጠጋ ብዬ «ቁርስ በልተሃል?» እላለሁ። የማስተማር ሥነ ዘዴ ሥልጠና ወስጃለሁ፣ ጠቅሞኛልም። ይህን ግን ያስተማረኝ ገንዘብ ያዡ ነው።

ደግሞ የድጋፍ ደብዳቤውን አስቢው። ለስኮላርሺፕም ለሥራም ተማሪዎች ይመጡብሻል። በውጤቱ ብቻ ለምታውቂው ልጅ ምን ትጽፊያለሽ? «ትጉህ፣ ታታሪ፣ ሥነ ምግባር ያለው።» ለሁሉም ያው ነው፤ አንባቢውም ያውቀዋል። ለዚህ ልጅ ስጽፍ ግን ቁጭ ብዬ ስለ ደብተሩና ስለ ፊርማው ወረቀት ጻፍኩ። ስሙን ብትቀይሪው ለሌላ ሰው የማይሆን ደብዳቤ ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍ ምን ያህል ደስ እንደሚል ስትሞክሪው ታዪዋለሽ።

ከተመረቀ ዓመታት ቆይቶ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ» አለ። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በጣርማበር አድርገን ሞላሌ ሄድን። እንደ ወጉ ደጃፉ ላይ ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን። የልጅቷ አባት ወደኔ ዞረው «እርስዎ የዚህ አገር ሰው አይመስሉኝም፤ ልጁን በምን ያውቁታል?» አሉ። «የሰው ገንዘብ ሲይዝ አይቼዋለሁ» አልኳቸው። የቁርሱንም ነገር እንደነበረው አጫወትኳቸው። አባትየው ጥቂት ዝም ብለው «ቁጭ በሉ እንጂ፣ ምን ያቆማችኋል» አሉን። የቆመ ሽማግሌ ቁጭ በል ከተባለ ነገሩ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

አበል የለውም ላልሽው እውነት ነው፣ የለውም። እኔ ግን መምህር ሆኜ ከዚያ ቀን የሚበልጥ ክፍያ አላገኘሁም።

ከጋምቤላ የመጣሁት

እኔ አማካሪ ሆኜ አላውቅም፤ የክበብ ጸሐፊ ነበርኩ። ግን ስለ አማካሪያችን አንድ ነገር ልበል።

ከጋምቤላ ስነሳ የለበስኩት ስስ ቲሸርት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ እንደሆነች በጂኦግራፊ ተምሬያለሁ፤ ቆዳዬ ግን አልተማረም ነበር። ከመኪና ስወርድ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። የክበቡ ልጆች ሻንጣዬን ተቀበሉኝ፣ አንዷ ጋቢዋን አውልቃ አለበሰችኝ። በማግሥቱ የክበቡ አባል ሆንኩ።

አማካሪያችን መምህርት ነበረች። የመጀመሪያ ቃለ ጉባኤዬን በቀይ እስክሪብቶ አርማ መለሰችልኝ። «ማን አለ? ምን ተወሰነ? ማን ይሠራዋል? እስከ መቼ?» እነዚህ አራቱ ከሌሉ አትፈርምም ነበር። አሁን መሥሪያ ቤት ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። እሷ ደግሞ ከእኛ ከሩቅ ከመጣነው ጋር ቡና እየጠጣች ስለ አገራችን ትጠይቅ ነበር፤ ስለ ባሮ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ሙቀቱ። በእኛ ቋንቋ ሰላምታ ተምራ ግቢ ውስጥ ጮክ ብላ ትጠራኝ ነበር። ጋምቤላን ረግጣ የማታውቅ ሰው! አሁን የሥራ ጉዳይ ሲያመጣት ማረፊያዋ የእኛ ቤት ነው። እናቴ «ልጄ መጣች» ነው የምትላት።

የባዮሎጂ መምህር

የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ነው የማማክረው። የእኔ ጥቅም መማር ነው። ልጆቹን ይዤ መንዝ ጓሳ ወጣን። ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ጭላዳ ሙሉ ማብራሪያ ተዘጋጅቼ ነበር። የጓሳ ሣር ላይ ስንደርስ ግን አንድ የዚያው አካባቢ ልጅ ወሬውን ተቀበለኝ። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ እንደሚሆን፣ ድሮ ቦታው ለዓመታት ተዘግቶ በሽማግሌዎች ውሳኔ እንደሚከፈት፣ ክልከላውን የጣሰ እንዴት እንደሚቀጣ፤ ከአያቱ የሰማውን ሁሉ ነገረን። ያ የጋራ ጥበቃ ወደ 400 ዓመት የኖረ ነው። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ፤ በኋላ ኅብረተሰቡ በአዲስ መልክ መልሶ አቆመው። እኔ ሥነ ምህዳር አስተምራለሁ፤ ያን ቀን ግን ማስታወሻ ስይዝ የዋልኩት እኔ ነኝ። ልጁም ከዚያ በኋላ ክላሴ ውስጥ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚቀመጠው።

ፋይናንስ የሠራሁ

ሁሉም ልክ ነው። እኔ ስለ ገንዘቡና ንብረቱ ልጨምር፤ መልካም ሥራ የሚበላሸው በዚህ ነው።

እህቴ፣ ብር በእጅሽ አትንኪ። አንቺ ተቆጣጠሪ፤ ያዡ ተማሪ ይሁን፤ ወጪው በሁለት ፊርማ ይውጣ። በዓይነት የሚሰጠውን አስቀድመሽ አስቢበት። ብርድ ልብሱ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) የዩኒቨርሲቲው ንብረት ክፍል ከገባ፣ ያለ ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) ከዚያ አይወጣም። ለሰው በቀጥታ የሚሰጥ ከሆነ የርክክብ ሰነድ አዘጋጅታችሁ፣ ከቀበሌ ወይም ከዕድር ተወካይ ጋር በዝርዝር ተፈራረሙና ስጡ። ኮፒው የክበቡ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ።

ጀማሪዋ መምህርት (ደብረ ብርሃን)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ለጓደኞቼም አነበብኩላቸው። ልጆቹን እሺ ብያቸዋለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አዲስ ኮሚቴ መምረጥ ያለባቸው አሁን ነው ወይስ ፍሬሾቹ ከገቡ በኋላ?

ነባሩ መምህር

ጎሽ፣ የኔ ልጅ! ደስ አሰኘሽኝ።

ፍሬሾቹ ይግቡና ትንሽ ይልመዱ፤ እነሱም ይምረጡ፣ ይመረጡም። ግን አታዘግዩት። ውርጩ የሚጠናው ከኅዳር ጀምሮ ነው፤ ልብሱ ከዚያ በፊት መሰብሰብ አለበት። እስከ ምርጫው ድረስ የድሮው ኮሚቴ ይሥራ። ሲመርጡ ቁጭ ብለሽ አዳምጪ እንጂ ስም አትጠቁሚ። ደግሞ ገንዘብ ያዡ ደብተሩን በየወሩ መጨረሻ እንዲያሳይሽ ከመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ። የድሮውን የሒሳብ ደብተርና የቃለ ጉባኤ መዝገብ ሁለቱም ኮሚቴዎች ባሉበት ይረካከቡ፤ አንቺም በምስክርነት ፈርሚበት።