ሪቮልቨር ለምትተኩሱ፦ ሌባ ጣት ውሃ እንዳይቋጥር ምን ይገዛ፣ ምን ይቅር? (ጥቆማ)

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለምትኖሩ። በቅርቡ ሪቮልቨር ገዝቶ ልምምድ የጀመረ አንድ ወንድም «አንድ ፓኮ ጥይት ሳልጨርስ ሌባ ጣቴ ውሃ ይቋጥራል፤ የትኛውን ጓንት ልግዛ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ሌሎችም ተመሳሳይ ጥያቄ ስላላቸው መልሱን ሰፋ አድርጌ ጽፌዋለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ እጀታው ይቅደም፣ የቃታው ጠርዝ ይከተል፣ ፕላስተር ለዕለቱ ይሁን፣ ጓንት ከሁሉም በኋላ ይምጣ።

ሪቮልቨር ከሌላው ሽጉጥ የሚለየው በቃታው ሥራ ነው። መዶሻውን (ጥይቱን የሚመታውን ብረት) በአውራ ጣት ሳትስቡ በቀጥታ ስትተኩሱ፣ ያው አንዱ ቃታ ጥይቶቹ የሚቀመጡበትን ከበሮ ያዞራል፣ መዶሻውንም ወደ ኋላ ወስዶ ይለቃል። ለዚህ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ፓውንድ ጉልበት ይጠይቃል፤ መዶሻው አስቀድሞ ከተሳበ ግን 3 ወይም 4 ፓውንድ ይበቃዋል። በኪስ የሚያዘው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ራሱ ባዶውን አንድ ፓውንድ አይሞላም። እንግዲህ ጣታችሁ የሽጉጡን ክብደት ከአሥር እጥፍ በላይ በሚበልጥ ኃይል ጠባብ ብረት እየገፋ፣ በዚያው ብረት ላይ እየተንሸራተተ ይጓዛል። ጥይቱ ሲወጣ ደግሞ ሽጉጡ በመዳፍ ውስጥ ይዘልና ብረቱ ቆዳውን እንደገና ይፍቀዋል።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጣታችሁን በደንብ እዩት። ውሃው በጣቱ ሆድ ላይ እንደ መስመር ተጋድሞ ከሆነ፣ ጥፋተኛው የቃታው ጠርዝ ወይም በፊቱ ላይ የተቀረጸው ጥርስ ነው። በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ከሆነ፣ እጀታው ከእጃችሁ ጋር ስላልተስማማ ሽጉጡ እየዞረ ጣቱ ይንሸራተታል ማለት ነው። በጣቱ የታችኛው ጎን ላይ ተቆንጥጦ የቀላ የሚመስል ከሆነ ደግሞ፣ ቆዳችሁ በቃታው ጫፍና ቃታውን በከበበው ቀለበት መካከል እየገባ ነው፤ ጣቱን ትንሽ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ይበቃል፣ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። የቆሰለው የመሃል ጣት አንጓ ከሆነ የሚመታችሁ የቀለበቱ ጀርባ ነው። እርሱም የእጀታ ጉዳይ ነው።

እጀታን በተመለከተ፣ የሆግ እና የፓክማየር የጎማ እጀታዎች በመሣሪያ መደብሮችም በኢንተርኔትም ይገኛሉ፤ አብዛኞቹ ከ20 እስከ 40 ዶላር ባለው ዋጋ ውስጥ ናቸው። የሽጉጡን ጀርባ ብረት ጭምር የሚሸፍኑትን ምረጡ፤ ምቱን ያለዝባሉ፣ ጣትንም ከቃታው ትንሽ ያርቁታል። እጃችሁ ትንሽ ከሆነ ግን ይህ መራቅ ይጎዳችኋል፤ ለእናንተ የሚሻለው ቀጭኑን የእንጨት እጀታ ሳይነኩ ከቀለበቱ ጀርባ ያለውን ክፍተት ብቻ የሚሞላው ታይለር ቲ-ግሪፕ ነው። የመሃል ጣት አንጓን የሚያድነውም እርሱ ነው። ስታዝዙ የሽጉጡን አካል መጠን (ጄ፣ ኬ፣ ኤል) እና የእጀታው ግርጌ ክብ ይሁን አራት ማዕዘን አረጋግጡ፤ አለበለዚያ አይገጥምም። ሩገር ኤልሲአር የገዛችሁ ከሆነ ቀድሞውኑ ከጎማ እጀታ ጋር ስለሚመጣ ይህን አንቀጽ እለፉት።

ወደ ቃታው እንሂድ። ከበሮውን ከፍታችሁ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ወስዳችሁ በቃታው ፊትና በሁለቱ ጠርዞች ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሂዱት። ጥጡ ክር እየጣለ የሚያዝበት ቦታ ጣታችሁን የሚልጠው ቦታ ነው። ይህን ማስተካከል ለመሣሪያ ጠጋኝ ትንሽ ሥራ ነው፦ ጠርዙን ማደብዘዝ፣ ጥርሱን ማለስለስ፣ መወልወል። በእጃችሁ በብርጭቆ ወረቀት ልሥራው የምትሉ አትጠፉም፤ የጠቆረ ብረት ከሆነ ቀለሙ ለቆ እንደሚዝግ እወቁ።

ጠጋኙን ስታናግሩ የምትፈልጉትን በጽሑፍ ስጡት። እኔ ጠርዙን ብቻ እንዲያለሰልስልኝ የሰጠሁት አንድ ባለሙያ፣ ስሙን አልጠራም፣ ሳልጠይቀው ሞላውን ቀይሮ ቃታውን አቅልሎ መለሰልኝ፤ የሞላውንም ዋጋ አስከፈለኝ። ሲሳብ ቅቤ ነበር። ችግሩ የመዶሻው ሞላ ሲላላ መዶሻው የጥይቱን መቀጣጠያ በበቂ ኃይል አለመምታቱ ነው፤ ቃታ ትስባላችሁ፣ «ቀጭ» ይላል፣ ጥይቱ አይወጣም። ለውድድር በጥንቃቄ ይሞከር ይሆናል። ሱቁን ወይም ቤቱን ለመጠበቅ ብሎ ለገዛ ሰው ግን አልመክርም።

አሁን ፕላስተሮቹን እናወዳድር። ተራው የጨርቅ ፕላስተር ላብ ሲነካው ይንከባለላል፤ ተጠቅልሎ መታጠፊያው ላይ ሲሰበሰብ ደግሞ ራሱ ይፍቃል። ሞልስኪን የሚባለው ለስላሳ ጨርቅ በሲቪኤስና አርኢአይ በተባለው የካምፕ ዕቃ መደብር ይገኛል፤ ለእግር ጥሩ ነው፣ ለቃታ ግን ወፍራም ነው። ወፍራም ነገር በትንሽ ሪቮልቨር ላይ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፦ ጣቱ ቀለበቱን ይሞላና ቃታው እስከ መጨረሻው ወደ ፊት እንዳይመለስ ያደርጋል፤ ያልተመለሰ ቃታ ቀጣዩን ጥይት አያመጣም። ለእኔ አንደኛው ሉኮቴፕ ፒ ነው። የእግር ተጓዦች የሚወዱት ቡናማ ፕላስተር ሲሆን ቀጭን፣ ጠንካራ፣ ላብ የማይፈታው ነው። ጣታችሁን ታጥባችሁ አድርቁ፣ ማዕዘኖቹን በመቀስ አክብቡ፣ ከመተኮሳችሁ በፊት አንድ ዙር ብቻ ለጥፉ። ቀድሞ ውሃ በቋጠረ ቆዳ ላይ ግን በፍጹም አትለጥፉት፤ ሲነሳ ቆዳውን ይዞ ይነሳል።

ለቋጠረ ጣት የሚሆነው ሃይድሮ ሲል የሚባለው ጄል ያለበት የባንድ-ኤይድ ዓይነት ነው፤ እርሱም ለማዳን እንጂ ለመተኮስ አይደለም። ኒው-ስኪን የተባለውን ፈሳሽ የሚያወድሱ አሉ። ለትንሽ ስንጥቅ ይጠቅማል፣ ያቃጥላል፣ ከዚያ በላይ አልጠብቅበትም።

ጓንት የግድ ከተባለ መካኒክስ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ባለ 0.5 ሚሊ ሜትሩ ወይም ቀጭን የጎልፍ ቆዳ ጓንት ይበቃል። ወፍራሞቹን ተዉአቸው፤ ምክንያቱ ከሞልስኪን ጋር አንድ ነው።

ጥይትም ለውጥ ያመጣል። .357 ማግነም ሽጉጥ .38 ስፔሻል የተባለውን አጠር ያለ ጥይትም ስለሚተኩስ፣ ለልምምድ 148 ግሬይን ዋድካተር (ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ የ.38 ጥይት) ግዙ፤ ምቱ ለስላሳ ነው። አጭሩ ቀለህ በከበሮው ውስጥ የሚተወውን ጥላሸት ግን ወደ ማግነም ከመመለሳችሁ በፊት አጽዱ።

ገና ያልገዛችሁ ተከራይታችሁ ሞክሩ። አሽበርን ያለው ሲልቨር ኢግል ግሩፕ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የቤት ውስጥ መለማመጃ ነው፤ የምትፈልጉት ሪቮልቨር ለኪራይ መኖሩን አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ሽጉጥ ላለው ፌርፋክስ የሚገኘው የኤንአርኤ (የአሜሪካ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር) መለማመጃ 50 ያርድ ርዝመት አለው። እንደ ሩገር ጂፒ100 ወይም ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 686 ያሉትን ከባድ የብረት ሽጉጦች ከ642 ጋር ጎን ለጎን ብትተኩሱ ልዩነቱን ጣታችሁ ይነግራችኋል። የሜሪላንድ ነዋሪዎች ከ2013 ጀምሮ ሽጉጥ ለመግዛት የብቃት ፈቃድ ማውጣት አለባችሁ። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ የፌዴራሉ ሕግ በአብዛኛው መሣሪያ መያዝን፣ ተከራይቶ መተኮስንም ጭምር ስለሚከለክላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።

ከጠመንጃ ጋር ያደጉ አባቶቻችን «ተወው፣ ይደድራል» ይላሉ። ግማሽ እውነት አለው። በየቀኑ ጥቂት ጊዜ ያለ ጥይት ቃታ መሳብ ቆዳውንም ጡንቻውንም ያለማምዳል፤ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጡ፣ ኤ-ዙም ዓይነት የልምምድ ጥይት ተጠቀሙ፣ .22 ሽጉጥን ባዶውን አትሳቡ። ነገር ግን ጠርዙ ስለታም ከሆነ የደደረው ቆዳ ሥር ሌላ ውሃ ይቋጥራል፣ ያኛው ደግሞ የበለጠ ያማል።

«ላፈንዳው ወይ?» ላላችሁ፦ አታፈንዱት። በራሱ ከፈነዳ የላዩን ቆዳ ሳትልጡ በሳሙና አጥባችሁ ቫዝሊን ቀቡት፣ በማይጣበቅ ፋሻ ሸፍኑት፣ እስኪድን ወደ መለማመጃ አትሂዱ። በተኩስ ቦታ እጅ ላይ የሚቀረው እርሳስ ነው፤ ክፍት ቁስል ይዞ መግባት ጥሩ አይደለም። ጤነኛ እጅም ቢሆን ምግብ ከመንካቱና ልጅ ከማቀፉ በፊት በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይታጠብ።