አስራት ከጠቅላላው ነው ወይስ ከተጣራው?

የቦሳዋ፦
ሰላም የጅማ ልጆች እንዴት ናችሁ። ማና ወረዳ ከአባቴ የደረሰኝ ትንሽ የቡና መሬት አለን፣ ዘንድሮ ጀንፈሉን ሸጠን ፈጣሪ ይመስገን ደህና ብር አገኘን። ክረምት ላይ ደሞ ልጄ ያለጊዜዋ ተወልዳ ሪፈራል ሆስፒታል ማሞቂያ ክፍል 23 ቀን ተኝታ ነው በሰላም የወጣችው፣ አሁን ስትስቅ ብታዩዋት! እና ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ፣ መስጠት አለብኝ። ባለቤቴ የለቃሚና የመኪና ወጪ ተቀንሶ እዳችንም ተከፍሎ ከተረፈው ነው አስራት የምናወጣው ይላል፣ እኔ ደሞ ከጠቅላላው ካልሆነ ምኑን ምስጋና ሆነ እላለሁ። ጴንጤ ነን ግን ሌሎቻችሁም የሚመስላችሁን ጻፉልኝ፣ በዚህ ጉዳይ ሰሞኑን ቡና እንኳን ተኮራርፈን ነው የምንጠጣው ሃሃ

መንገደኛው፦
ባልሽ ልክ ነው። የለቃሚው ብር የለቃሚው ነው እንጂ ያንቺ ገቢ አይደለም እኮ። እዳም እንደዛው፣ በሰው ገንዘብ ለጋስ መሆን ማንም አያቅተውም። ደሞ እባክሽ 100 ዝራ 1000 ታጭዳለህ ከሚል ሰው ጋ እንዳትሄጂ፣ እኔ የስልክ መግዣዬን ሰጥቼ ይሄው እስካሁን በተሰነጠቀ ስልክ ነው የምጽፍልሽ። 2ኛ ቆሮንቶስ 9፥7 በልቡ እንዳሰበ ይስጥ ነው የሚለው፣ በግድ አይደለም።

የመርካቶው፦
ልጅሽን አላህ ያሳድግልሽ እህቴ። እኛ ጋ የእህል ዘካ ዝናብ ያበቀለው ከሆነ 10 ፐርሰንት ነው፣ ሰው ደክሞ በመስኖ ያጠጣው ከሆነ ግን ግማሹ፣ 5 ይሆናል። ድካምሽ ይታሰብልሻል ማለት ነው (ቡና ላይ ዑለሞች አንድ አይደሉም፣ ሀነፊዎቹ ይወጣበታል ሲሉ ሻፊዒዎቹ ቀለብ አይደለም ይላሉ፣ እሱን ለሼኮቹ ተይው)። ግን ዘካ የድሀው ሀቅ ነው፣ ሰጠሁ ተብሎ አይወራም። አንቺ የምትይው ለሹክር፣ ለምስጋና የሚሰጥ ሰደቃ መሰለኝ፣ እሱ ደሞ ልክ የለውም። አያቴ መንገድ ዳር ያሉትን የቡና እግሮች አያስለቅምም ነበር፣ የመንገደኛ ናቸው እያለ።

የጊንጆዋ፦
ልጄ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ስለት ተስለሽ ከነበር እሱን እንዳታጓድይ፣ እሱ ሌላ ነው። የቀረውን ግን ዳዊት ለቤተ መቅደሱ ያን ሁሉ ወርቅ አሰብስቦ ሲያበቃ ከእጅህ የተቀበልነውን ነው የሰጠንህ አለ አይደል (1ኛ ዜና 29፥14)። ከጠቅላላው በይው ከተጣራው ሁሉም የሱ ነው። ተኮራርፎ የሚሰጥ መባ ግን አልወድም፣ ጌታም መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ታረቅ ብሏል። ዛሬ ቡናውን አፍይና ተታረቁ።

የቦሳዋ፦
ታረቅን እማ! እዳው ይቅደም ተባብለን ከተረፈው ግን ከ10 በላይ ልናወጣ ተስማማን። ሳስበው ደሞ ማሞቂያ ክፍሉ በር ላይ ከዳውሮ የመጣች እናት ነበረች፣ ስንቋ አልቆ የቀረቻትን ዳቦ ለኔ ቆርሳ የሰጠችኝ፣ ከጠቅላላው ይሁን ከተጣራው አላሰላችም። አሁንም እዛ ከሩቅ መጥተው የሚያድሩ እናቶች አይጠፉም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥሚት ልወስድላቸው ነው። ትልቅ ፔርሙዝ ያለው ሰው ያውሰኝ በናታችሁ።

መንገደኛው፦
ቆጪ ሰፈር ነኝ፣ ባለ 5 ሊትር አለኝ፣ ክዳኑ ትንሽ ያፈሳል ግን። አርብ ማታ ላምጣልሽ?